ለአሮጌ መኪና የሚመጥን ሾክ አብዞርበር፦ ከከሚሴ መንገድ የተነሣ አስተያየት

መግቢያ

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚያወጣው አውራ መንገድ፣ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ጣርማ በርን በጣሊያን ወረራ ዘመን በተቆፈረው ዋሻ ያቋርጥና በደብረ ሲና በኩል እየተጠማዘዘ ወደ ሸዋ ሮቢት ቆላ ይወርዳል። ጀውሃን፣ ሰንበቴን፣ አጣዬንና ካራቆሬን ካለፈ በኋላም በ1,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ከምትገኘው ከሚሴ ይደርሳል። ከከሚሴ ወዲያ የጨፋን ሜዳ ይዞ ወደ ሐርቡና ኮምቦልቻ ያቀናል። የአማራ ክልል የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ሕይወት ከዚህ መንገድና ከእሱ ከሚገነጠሉት የጠጠር መንገዶች ጋር የተሳሰረ ነው። የእሑዱ የሰንበቴ ገበያ፣ የሰኞው የባቲ ገበያ፣ ወደ ሆስፒታል የሚሄድ ሕመምተኛና ወደ ዩኒቨርሲቲ የሚመለስ ተማሪ ሁሉ በዚሁ መንገድ ይጓዛሉ።

በመንገዱ ላይ የሚመላለሱት ተሽከርካሪዎች ግን በአብዛኛው አሮጌዎች ናቸው። በሃያኛው መቶ ዘመን መጨረሻ የተሠሩ ኮሮላዎች፣ ብዙ እጅ የቀያየሩ የቶዮታ ሃይስ ሚኒባሶች፣ የአይሱዙ ቅጥቅጦችና አሮጌ ላንድ ክሩዘሮች የዕለት ሥራቸውን ይሠራሉ። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ በሃያዎቹ መጨረሻ ያለ የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ ሲሆን፣ ከእነዚህ ተሽከርካሪዎች ብዙዎቹ በዕድሜ ይበልጡታል። የጽሑፉ ዓላማ እነዚህን መኪናዎች ማናናቅ አይደለም። ሾክ አብዞርበራቸው ሲያልቅ ባለቤቱ ምን መምረጥ ይገባዋል የሚለውን፣ በጋራዥ ደጃፍ በየቀኑ የሚነሣ ነገር ግን በምርምር መድረካችን እምብዛም ያልተነሣ ጥያቄ መመርመር ነው።

ጥያቄው ወደ እኔ የመጣው ከቤተሰብ ነው። አባቴ ከሚሴና ኮምቦልቻ መካከል ሰው የሚያመላልሱባት አንዲት ኮሮላ ነበረቻቸው። ወደ ደዌ ሃረዋ በሚወስደው የጠጠር መንገድ ሆዷ ድንጋይ እየነካ ሲያስቸግራቸው መካኒኩ «ሐጂ፣ ትንሽ እናንሣት፤ ሾኩንም ጠንካራ እናድርገው» አላቸው። ምክሩ ከክፋት የመጣ አልነበረም፤ በአካባቢው የተለመደና ሁሉም የሚሰጠው ነው። መኪናዋ ተነሣች። ከጥቂት ወራት በኋላ ጎማዎቿ በአንድ ጎን ብቻ ተበሉ፤ የፊት አክስሎቹ ጆይንት የሚሸፈንበት ጎማም ተቀደደ። በክረምቱ ደግሞ ከሐርቡ ወዲህ ባለ አንድ ኩርባ ላይ የአስፋልቱን እብጠት ስትረግጥ የኋላ ጎማዋ ነጥሮ ከመንገድ ወጣች። የማሽላ ማሳው ጭቃ ያዛትና ማንም አልተጎዳም። አባቴ «አላህ አተረፈን» ብለው ነገሩን ዘጉት። እኔ ግን የምማረው ትምህርት ለዚህ ጥያቄ መልስ ሊኖረው ይገባል በማለት አልዘጋሁትም።

በዚህ ጽሑፍ የምሟገትላቸው ነጥቦች ሦስት ናቸው። አንደኛ፣ ለአሮጌ መኪና ከሁሉ በፊት የሚያስፈልገው ከሞላውና ከጭነቱ ጋር የተመጣጠነ ሾክ እንጂ በጠንካራነቱ የተመሰገነ ሾክ አይደለም። ሁለተኛ፣ መኪና ማስነሣትና የባሌስትራ ቅጠል መጨመር ያለ ሾክ ለውጥ ከተደረጉ ደኅንነትን ይቀንሳሉ። ሦስተኛ፣ ጉዳዩ ለባለቤቱና ለመካኒኩ ብቻ የሚተው ሳይሆን የምርመራ ተቋማትና የዩኒቨርሲቲዎች ድርሻ ያለበት ነው።

ሾክ አብዞርበር የሚሠራውና የማይሠራው

ነባር መካኒኮች አሞርዛተር የሚሉት ሾክ አብዞርበር በስሙ ምክንያት ብዙ ጊዜ በተሳሳተ መንገድ ይታያል። የመኪናውን ክብደት የሚሸከመው እሱ አይደለም፤ ሞላው፣ ባሌስትራው ወይም ቶርሽን ባሩ ነው። ጎማው ጉድጓድ ሲገባ ድንጋጤውን መጀመሪያ የሚቀበለውም ጎማውና ሞላው ነው። ሞላ የተቀበለውን ኃይል መልሶ ስለሚሰጥ መኪናውን ወደላይና ወደታች ያወዛውዘዋል። የሾኩ ሥራ ይህንን ውዝዋዜ ማብረድ ነው። በውስጡ ያለው ፒስተን ዘይቱን በጠባብ ቀዳዳዎችና ቫልቮች ውስጥ እንዲያልፍ ሲያስገድደው የእንቅስቃሴው ኃይል ወደ ሙቀት ይለወጣል፤ ሙቀቱም በቱቦው በኩል ወደ አየር ይወጣል።

ከዚህ ሁለት ነገሮች ይከተላሉ። የመጀመሪያው፣ ኋላዋ የተቀመጠ መኪና በአዲስ ሾክ አትነሣም፤ ችግሩ የደከመ ሞላ ነውና። ሁለተኛው፣ ሾክ በሙቀት የሚሠራ ዕቃ በመሆኑ ረጅም የጠጠር መንገድና የቆላ ፀሐይ ሲደራረቡበት ዘይቱ ይቀጥናል፣ አየር ይቀላቀልበትና አረፋ ይሆናል፤ በዚያን ጊዜ ፒስተኑ የሚገፋው ነገር ያጣል። በብዙ ተሽከርካሪዎች ላይ የሚገኘው ባለ ሁለት ቱቦ ሾክ ዝቅተኛ ግፊት ያለው ናይትሮጅን እንዲጨመርበት የተደረገው ይህን አረፋ ለመቀነስ ነው። ባለ አንድ ቱቦው ዓይነት ደግሞ ጋዙንና ዘይቱን በተንሸራታች ፒስተን ይለያል፤ ሙቀቱንም በቀላሉ ያስወጣል። ነገር ግን ዋጋው ከፍ ያለ ነው፤ ቱቦው በድንጋይ ተመትቶ ከተጎደጎደም ፒስተኑ ይያዛል። ባለ ሁለት ቱቦው የውጭ ቱቦው ቢጎደጎድም ብዙ ጊዜ ሥራውን ይቀጥላል። ለጠጠር መንገድ ይህ ቀላል የማይባል ልዩነት ነው።

ቁጥሩ የሚናገረው

ነገሩን ግልጽ ለማድረግ የአንዲት ትንሽ መኪናን አንድ ማዕዘን ለምሳሌ እንውሰድ። ቁጥሮቹ ለማስረዳት የተመረጡ እንጂ በአንድ መኪና ላይ የተለኩ አይደሉም። በዚያ ማዕዘን ላይ የሚያርፈው የአካሉ ክብደት 300 ኪሎ ግራም፣ የሞላው ግትርነት በሜትር 20,000 ኒውተን፣ የሾኩ የማብረድ አቅም 1,500 ኒውተን ሰከንድ በሜትር ይሁን። አካሉ በሰከንድ 1.3 ጊዜ ያህል ይወዛወዛል፤ የማብረድ ምጣኔውም 0.31 ገደማ ይሆናል። ለመንገደኛ መኪና የተለመደው ምጣኔ ከ0.2 እስከ 0.4 ባለው ውስጥ ስለሆነ ይህ ጤናማ ነው። መኪናዋ 10 ሴንቲ ሜትር ብትወርድ ከአንድ ሙሉ ውዝዋዜ በኋላ የሚቀረው 1.3 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው።

ሾኩ አርጅቶ አቅሙ በግማሽ ቢቀንስ ምጣኔው ወደ 0.15 ይወርዳል፤ ከአንድ ውዝዋዜ በኋላም 3.8 ሴንቲ ሜትር ይቀራል። አሁን ባለቤቱ ሾኩን ሳይቀይር ሞላውን በግማሽ አጠንክሮ 30,000 ያድርሰው እንበል። ምጣኔው ወደ 0.125 ዝቅ ይላል፤ ከአንድ ውዝዋዜ በኋላ የሚቀረው 4.5 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ጭነት ተጨምሮ ክብደቱ 400 ኪሎ ግራም ሲደርስ ምጣኔው ወደ 0.11 ይጠጋል፤ ከ10 ሴንቲ ሜትሩም ግማሹ ይቀራል። መኪናዋ «ጠንክራለች» ተብላ ሳለ፣ መንገዱን የመያዝ አቅሟ ግን ከቀድሞው አንሷል።

የዚህ ምክንያት ቀላል ነው። የማብረድ ምጣኔ የሚሰላው የሾኩን አቅም ለግትርነቱና ለክብደቱ ብዜት ካሬ ሥር እጥፍ በማካፈል ነው። ሞላው በ50 በመቶ ከጠነከረ፣ የቀድሞውን ምጣኔ ለመጠበቅ የሾኩ አቅም በ22 በመቶ ገደማ ከፍ ማለት ይኖርበታል። በአንጻሩ ሞላውን ማጠንከር ያስገኘው ጥቅም ምንድን ነው? 100 ኪሎ ግራም ሲጨመርበት የመጀመሪያው ሞላ 4.9 ሴንቲ ሜትር ይወርዳል፤ የጠነከረው 3.3 ሴንቲ ሜትር። ትርፉ 1.6 ሴንቲ ሜትር ነው። ለዚህ ትርፍ የተከፈለው ዋጋ ከሚታሰበው በላይ ነው።

መንገዳችን የሚጠይቀው

አንድ ሾክ ጥሩ ወይም መጥፎ የሚባለው ከሚሠራበት መንገድ አንጻር ነው። በከሚሴ ዙሪያ ቢያንስ ሦስት ዓይነት ፈተና አለ።

የመጀመሪያው የጨፋ ሜዳ አስፋልት ነው። ዋልካ አፈር በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል፤ በላዩ ያለው አስፋልትም ከጊዜ በኋላ ረጃጅም ማዕበል ይሠራል። በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ መኪና በሰከንድ 22 ሜትር ያህል ይሄዳል። የማዕበሉ ርዝመት 17 ሜትር ገደማ ቢሆን አካሉን በሰከንድ 1.3 ጊዜ ይገፋዋል። ይህ ከላይ ባየነው ምሳሌ የመኪናዋ የራሷ የውዝዋዜ ልክ ነው። መንገዱና መኪናዋ አብረው ሲወዛወዙ ውዝዋዜውን የሚገድበው ሾኩ ብቻ ነው። ሾፌሮች «መኪናዋ ትዋኛለች» የሚሉት ይህንን ነው።

ሁለተኛው ከዋናው መንገድ ወደ ገጠር ወረዳዎች የሚገነጠለው የጠጠር መንገድ ነው። ጠጠሩ ከተወሰነ ጊዜ በኋላ እንደ ቤት ክዳን ቆርቆሮ ይሸበሸባል። የሽብሽቡ ርዝመት 70 ሴንቲ ሜትር ቢሆንና መኪናው በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ቢጓዝ ጎማው በሰከንድ 12 ጊዜ ያህል ይመታል። ጎማ፣ ቸርኬና አክስል በራሳቸው የሚነጥሩበት ልክ በአብዛኛው በሰከንድ ከ10 እስከ 15 ጊዜ ስለሆነ፣ የደከመ ሾክ ያለው መኪና እዚህ ላይ ጎማው መሬቱን እየለቀቀ ይሄዳል። ጎማው አየር ላይ በሚሆንበት ቅጽበት ፍሬኑም መሪውም ለስሙ ብቻ አሉ።

ሦስተኛው ቁልቁለቱ ነው፦ ከጣርማ በር ወደ ሸዋ ሮቢት፣ ከኮምቦልቻም ወደ ባቲ። ፍሬን ሲያዝ ክብደት ወደ ፊት ይሸጋገራል፤ ኋላው ይቀላል። የኋላ ሾኮች ከደከሙ የቀለለው ጎማ በትንሽ እብጠት ይነጥራል። በአባቴ መኪና ላይ የደረሰው ይኸው ይመስለኛል። ይህ አደጋ በአንድ ጊዜ ብዙ ሰው በሚጭን ሚኒባስ ላይ ሲታሰብ ሾክ የምቾት ጉዳይ ነው የሚለው የተለመደ አስተሳሰብ የሚያዛልቅ አይሆንም።

ስለ ማስነሣትና ቅጠል መጨመር

በአካባቢያችን መኪና የሚነሣው በአራት መንገድ ነው። በሾኩ ራስና በአካሉ መካከል ስፔሰር ማስገባት፣ በሞላው ቀለበቶች መካከል ጎማ መክተት፣ የቶርሽን ባሩን ማስተካከያ ቡሎን ማጥበቅና የባሌስትራ ቅጠል መጨመር። እያንዳንዱ የሚያስከትለው ነገር ይለያያል።

ስፔሰር ሞላውን አያጠነክርም፤ ነገር ግን ጎማው ከቀድሞው በላይ ወደታች እንዲወርድ ያደርጋል። በኮሮላና በመሰል የፊት ጎማ ነጂ መኪናዎች ላይ የአክስሉ ጆይንት ከተሠራበት አንግል በላይ ይታጠፋል፤ የጎማው ልባስም ይቀደዳል። የጎማዎቹ ማዘንበያና አቅጣጫ ስለሚለወጥም አላይመንት ካልተደገመ ጎማ በአንድ ጎን ያልቃል። በሞላ ቀለበቶች መካከል የሚከተት ጎማ ደግሞ የተወሰኑትን ቀለበቶች ከሥራ ውጭ አድርጎ ጫናውን በቀሪዎቹ ላይ ስለሚያከማች ሞላው የሚሰበርበትን ቀን ያቀርበዋል።

የቶርሽን ባሩን ቡሎን ማጥበቅ በሃይስ ሾፌሮች ዘንድ «ማጠንከሪያ» ተብሎ ይታወቃል። በእርግጥ የሚለወጠው ባሩ ሥራ የሚጀምርበት ቦታ እንጂ የባሩ ግትርነት አይደለም። መኪናዋ ከፍ ትላለች፤ ጎማው ወደ ጉድጓድ ለመውረድ የቀረው ርቀት ግን ያጥራል። በመጨረሻ ሾኩ ተወጥሮ በራሱ ማቆሚያ ላይ ይመታል። አዲስ የተገዛ ሾክ በጥቂት ወራት ዘይት የሚያፈስበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው፤ ጥፋቱ ግን ብዙ ጊዜ በሾኩ ጥራት ላይ ይላከካል።

ከሁሉም በላይ ሊታሰብበት የሚገባው የኋላ ባሌስትራ ነው። በብዙ የሃይስና የሃይሉክስ ሞዴሎች ላይ ከኋላ አክስል ጋር በዘንግ የተያያዘ የፍሬን ግፊት አመጣጣኝ ቫልቭ አለ። አካሉ ወደ አክስሉ ሲቀርብ «ጭነት አለ» ብሎ ለኋላ ፍሬን ተጨማሪ ግፊት ይለቃል፤ ሲርቅ ይቀንሳል። ቅጠል ተጨምሮ የኋላው ከፍ ካለ፣ ቫልቩ የተጫነውን መኪና ባዶ ነው ብሎ ይወስደዋል። ውጤቱ የኋላ ፍሬን ሥራውን ሳይሠራ የፊቱ ብቻውን እንዲግል ማድረግ ነው። በደብረ ሲና ቁልቁለት ላይ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ለአንባቢ ማስረዳት አያስፈልግም። ቅጠል የጨመረ ሁሉ የቫልቩን ዘንግ በአምራቹ መመሪያ መሠረት ማስተካከል እንዳለበት ግን በጋራዦቻችን ሲነገር አልሰማሁም።

እዚህ ላይ የሚነሣ ተገቢ ተቃውሞ አለ። በጠጠር መንገድ ሆዱ ድንጋይ የሚነካ መኪና መሄድ አይችልም፤ ባለቤቱም ሌላ መኪና መግዛት አይችልም። ይህ እውነት ነው። ሁልጊዜ ጭነት የሚጭን ፒካፕ ወይም ላንድ ክሩዘር ቅጠል ቢጨመርለት ተገቢ ሊሆን ይችላል፤ በሌላው ዓለም ለዚሁ ሥራ የሚሸጡ የሞላና የሾክ ስብስቦችም አሉ። ልብ ሊባል የሚገባው ግን እነዚያ የሚሸጡት እንደ ስብስብ መሆኑ ነው፤ ሞላውና ሾኩ አብረው ተሰልተዋል። እኛ ጋ የተለመደው ሞላውን ዛሬ፣ ሾኩን «ገንዘብ ሲገኝ» መቀየር ነው። ለትንሽ መኪና ደግሞ ብዙ ጊዜ የጠፋውን ከፍታ ለመመለስ የደከመውን ሞላ በትክክለኛው መለኪያ አዲስ ሞላ መተካት ይበቃል። ያ መኪና ከፋብሪካ ሲወጣ የነበረውን ከፍታ ያጣው ሃያና ሠላሳ ዓመት ስለሠራ ነውና።

ምርጫው እንዴት ይሁን

ከዚህ በመነሣት ለባለቤቶችና ለመካኒኮች የምሰጠው አስተያየት በቅደም ተከተል የሚከተለው ነው።

በመጀመሪያ ችግሩ የሾክ መሆኑን ማረጋገጥ ያስፈልጋል። ማዕዘኑን ተጭኖ መልቀቅ የተለመደ ፈተና ነው፤ መኪናዋ ከአንድ ጊዜ በላይ ከተወዛወዘች ሾኩ ደክሟል። ሆኖም ፈተናው ያለቀውን ይለያል እንጂ በመድከም ላይ ያለውን አይለይም። ስለዚህ በቱቦው ላይ የሚወርድ ዘይት፣ የተላጠ ወይም የጎበጠ ዘንግ፣ የተሰነጠቀ የጎማ ቡሽ፣ በጎማው ጥርስ ላይ ጎድጎድ ብሎ በየቦታው የሚታይ አበላል አብረው መታየት አለባቸው። «ሾክ ነው» የተባለ ድምፅ ብዙ ጊዜ የቡሽ ወይም የኳስ ጆይንት ድምፅ ሆኖ ይገኛል።

ሁለተኛ፣ ሾክ በአክስል ጥንድ ጥንድ ይቀየራል። አንዱ አዲስ ሌላው አሮጌ የሆነ አክስል ቀኝና ግራው እኩል አይበርድም፤ መኪናዋም በእብጠት ላይ ወደ አንድ ጎን ትስባለች።

ሦስተኛ፣ ከተፈላጊው ዝርዝር ውስጥ መጀመሪያ የሚፈለገው የመኪናው ሞዴል ኮድ ነው። «የኮሮላ ሾክ» የሚባል አንድ ዕቃ የለም። በ1980ዎቹ መጀመሪያ በተሠሩት፣ እኛ ዲኤክስ በምንላቸውና በ1990ዎቹ በተሠሩት መካከል የኋላው አሠራር ጨርሶ የተለያየ ነው። የካያባ፣ የሞንሮ ወይም የሌላ አምራች ስም በካርቶኑ ላይ መኖሩ ብቻ አያስተማምንም። የዕቃው ቁጥር ከመኪናው ሞዴል ጋር መመሳሰሉን፣ ቁጥሩ በቱቦው ላይም መታተሙን ማየት፣ የተከፈለበትንም ደረሰኝ መያዝ ይገባል።

አራተኛ፣ አንድ ሰው ያለው ገንዘብ ውስን ከሆነ ለ«ስፖርት» ወይም «እጅግ ጠንካራ» ለተባለ ሾክ ከማዋል ይልቅ ትክክለኛ መለኪያ ላለው፣ ጋዝ ላለበት ባለ ሁለት ቱቦ ሾክና አብረውት ለሚቀየሩት ትናንሽ ዕቃዎች ቢያውለው ይሻላል። የላይኛው የጎማ መያዣና ኩሽኔታው፣ የመምቻ ማቆሚያ ጎማውና የአቧራ ልባሱ ትናንሽ ቢሆኑም የሾኩን ዕድሜ የሚወስኑ ናቸው። የአቧራ ልባስ የሌለው ዘንግ በጠጠር መንገድ አቧራውን ወደ ማኅተሙ ይዞ ይገባል።

አምስተኛ፣ አገጣጠሙ። የጎማ ቡሽ ያላቸው ቡሎኖች መጨረሻ መጥበቅ ያለባቸው መኪናው በጎማዎቹ ላይ ከቆመ በኋላ ነው። በክሪክ ተነሥቶ እንደተንጠለጠለ ከጠበቁ ቡሹ ሁልጊዜ ተጠማዝዞ ይኖርና ቶሎ ይቀደዳል። የሾኩን ዘንግ በፒንሳ መያዝ ገጹን ይልጠዋል፤ የተላጠው ገጽ ማኅተሙን ይበላል። ሥራው ሲያልቅ አላይመንት መታየት አለበት።

በመጨረሻም፣ ያለቀ ሾክን ቀዶ ዘይት ሞልቶ መልሶ መበየድ መቆም ያለበት ልማድ ነው። የተበላው ቫልቭና ማኅተም በዘይት አይታደስም፤ ጋዝ ያለበትን ቱቦ በመሰርሰሪያ መብሳትና በእሳት መበየድም ለሠራተኛው ራሱ አደገኛ ነው።

ገበያውና ሕጉ

ይህ ሁሉ ምክር ከገበያው እውነታ ጋር መገናኘት አለበት። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ያገለገሉ ተሽከርካሪዎች ላይ ከዕድሜያቸው ጋር እያደገ የሚሄድ ከፍተኛ ታክስ ጣለ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ የኤሌክትሪክ ካልሆኑ በቀር አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ተወሰነ። በዚያው ዓመት ሐምሌ 22 ቀን የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ። የእነዚህ ውሳኔዎች ዓላማ እዚህ አይመረመርም። ለባለ አሮጌ መኪና ያላቸው ትርጉም ግን ግልጽ ነው፦ አሮጌው መኪና በቶሎ አይተካም፤ መለዋወጫውም ይወደዳል።

ከሚሴ ላይ የሌለ ዕቃ ከኮምቦልቻ፣ ከደሴ ወይም ከአዲስ አበባው ሶማሌ ተራና ተክለ ሃይማኖት አካባቢ ይመጣል። በቅርብ ዓመታት እንዳየነው በጸጥታ ችግር መንገዱ ሲዘጋ ባለቤቱ ያለውን ከመጠገን ሌላ አማራጭ የለውም። ስለዚህ መካኒኩ «በየድኩልህ» ሲለው ቢቀበል የሚወቀስበት ምክንያት ጠባብ ነው። ወቀሳው ወደ እኛ፣ ማለትም ዕውቀቱን ይዘን ወደ ጋራዥ ላልወረድነው፣ ቢዞር ይቀላል።

የተሽከርካሪ መለያ፣ መመርመሪያና መመዝገቢያ አዋጅ ቁጥር 681/2002 ተሽከርካሪዎች በየዓመቱ የቴክኒክ ምርመራ እንዲያደርጉ ያዛል፤ ቦሎ የሚሰጠውም ከዚህ በኋላ ነው። በእኔ እምነት በዚህ ምርመራ ውስጥ ሾክ እንደ ፍሬን ሁሉ በመሣሪያ የሚለካ መሆን አለበት። በአውሮፓ ለረጅም ጊዜ የተሠራበት አንድ ዘዴ ጎማውን በሚንቀጠቀጥ መድረክ ላይ አቁሞ፣ ንዝረቱ በሰከንድ ከ25 ጊዜ እየቀነሰ ሲሄድ ጎማው በመድረኩ ላይ የሚያሳርፈው ዝቅተኛ ኃይል ከቆመበት ክብደት ስንት በመቶ እንደሆነ ይለካል። ዘዴው በጎማ ንፋስ መጠን ስለሚዛባ ነቀፋ አላጣውም፤ ሆኖም በዓይን ከማየት የተሻለ ነው። ለሁሉም በአንድ ጊዜ ማዳረስ ባይቻል እንኳ ሕዝብ ከሚያጓጉዙ ሚኒባሶችና ቅጥቅጦች መጀመር ይቻላል።

ከተመራማሪው የሚጠበቀው

መድረክ እስኪገዛ መጠበቅም ግድ አይደለም። በእያንዳንዳችን ኪስ ያለው ስልክ የፍጥነት ለውጥ መለኪያ አለው። ስልኩን በመኪናው ማዕዘን ላይ አስሮ፣ ማዕዘኑን ተጭኖ መልቀቅና የውዝዋዜውን ተከታታይ ጫፎች መመዝገብ ይቻላል። የመጀመሪያው ጫፍ ለቀጣዩ ተካፍሎ የተገኘው ቁጥር የተፈጥሮ ሎጋሪዝም በ6.28 ሲካፈል የማብረድ ምጣኔውን በግምት ይሰጣል። ለምሳሌ ጫፎቹ 10 እና 3 ቢሆኑ ምጣኔው 0.19 ገደማ ነው። ዘዴው ጉድለት አለበት፤ የባሌስትራ ቅጠሎች እርስ በርስ መፋተግና የቡሾች ግጭት ውጤቱን ከፍ ያደርጉታል፤ የእጅ ግፊትም ከመንገድ ምት ያነሰ ነው። ጤናማ ሾክ ሲሆን ሁለተኛው ጫፍ ራሱ በግልጽ ላይታይ ይችላል። ይሁን እንጂ የአንዱን መኪና ግራና ቀኝ ወይም ቅየራው ከመደረጉ በፊትና በኋላ ያለውን ለማነጻጸር በቂ ነው። ለአንድ የማስተርስ ጥናት ከዚህ የቀረበ፣ ወጪው ከዚህ ያነሰ ርዕስ ማግኘት ይከብዳል።

ሌላው ሥራ የቋንቋ ነው። የጋራዣችን ቃላት፣ ሞላ፣ ባሌስትራ፣ ኩሽኔታ፣ ከጣሊያንኛ የመጡ ናቸው፤ የአምራቹ መመሪያ በእንግሊዝኛ ወይም በጃፓንኛ ነው፤ የከሚሴ መካኒክ ደግሞ ከደንበኛው ጋር የሚነጋገረው በአፋን ኦሮሞና በአማርኛ ነው። የቡሎኖችን የማጥበቂያ ልክ፣ የቫልቩን ዘንግ አስተካከልና የዕቃ ቁጥሮችን የያዘ፣ በሁለቱም ቋንቋዎች የተጻፈ አንድ ገጽ ወረቀት በጋራዥ ግድግዳ ላይ ቢለጠፍ ከብዙ የጥናት ወረቀቶች የበለጠ ጥቅም ሊሰጥ ይችላል። ይህን ለማዘጋጀት የሚያስፈልገው የቴክኒክና ሙያ መምህራንን፣ መካኒኮችንና የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን በአንድ ጠረጴዛ ማስቀመጥ ብቻ ነው። መካኒኩም ወደዚያ ጠረጴዛ የሚመጣው ለመማር ብቻ አይደለም፤ የትኛው ዕቃ በየትኛው መንገድ ስንት ጊዜ እንደቆየ የሚያውቀው እሱ ነውና።

መደምደሚያ

አሮጌ መኪናን መንከባከብ የድህነት ምልክት ተደርጎ መታየት የለበትም፤ በአግባቡ ከተያዘ ሥራውን የሚሠራ ንብረት ነው። ለሾኩ የሚደረገው ምርጫ ግን በስሜትና በልማድ ሳይሆን በልክ መመራት ይኖርበታል። ሞላው፣ ጭነቱ፣ መንገዱና ሾኩ አንድ ላይ ታስበው ሲመጣጠኑ መኪናዋ መሬት ትይዛለች፤ ከመካከላቸው አንዱ ብቻውን «ሲጠነክር» ግን ሌሎቹ ይጎዳሉ።

የአባቴ ኮሮላ ዛሬም ትሠራለች። ስፔሰሮቹ ወጥተው፣ አራቱ ሞላዎች በልካቸው ተተክተው፣ ሾኮቹ ከነልባሳቸው በጥንድ ተቀይረውላታል። አባቴም ወደ ደዌ ሃረዋ ሲሄዱ ቀስ ብለው፣ ድንጋዩን እየመረጡ ይነዳሉ። «ከፍታዋ ቀነሰ» ብለው አንድ ጊዜ አጉረምርመዋል። ከሐርቡ ወዲህ ያለውን ኩርባ ሲያልፉ ግን ከአንደበታቸው ቃል አልወጣም፤ እኔም ከጎናቸው ተቀምጬ የኋላውን ጎማ ድምፅ አዳምጥ ነበር፤ አልነጠረም።